ኡሙ አይመን (ረ.ዐ)፦ በዐረብ ምድር አገልግላ የከበረችው ሐበሻዊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በሚገኙት የይፋት ቆላ መንደሮች ልጃቸውን ወደ ዐረብ አገር የላኩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንዷ ጂዳ ነች፣ ሌላዋ ሪያድ ወይም ኩዌት። የሰው ቤት ታጸዳለች፣ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ ወር ሲሞላ ለወላጆቿ ትልካለች። ብዙዎቹ የሄዱት ትምህርታቸውን ሳይጨርሱና ሙያ ሳይጨብጡ፣ ቋንቋውንም እዚያው ሲደርሱ እንለምደዋለን ብለው ነው።

ከ1,400 ዓመታት በፊት በዚያው በዐረብ ምድር በሰው ቤት ያገለገለች አንዲት ሐበሻዊት ነበረች። ስሟ በረካ ቢንት ሠዕለባ ይባላል። ሙስሊሙ ዓለም የሚያውቃት ኡሙ አይመን በሚለው ስሟ ነው። ብዙ ጊዜ የምትነሳው ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) በማሳደጓ ነው፤ ይህ ብቻውን ታላቅ ክብር ነው። ሕይወቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተከታተለ ሰው ግን ሌላም ነገር ይታያል፦ ሥራዋ የተከበረላት፣ ንብረቷን በእጇ የያዘች፣ የምታውቀውን ለትውልድ ያስተላለፈች ሴት። ዛሬ ሴት ልጆቻችን ስለሚገባቸው ትምህርት፣ ሥልጠናና ሥራ ስንነጋገር የእርሷን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል።

በውርስ ዝርዝር ውስጥ የተቆጠረች

በረካ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባት የዐብዱላህ ኢብን ዐብዱል ሙጦሊብ አገልጋይ ነበረች። ነፃ ሰው አልነበረችም። ዐብዱላህ በወጣትነቱ ሲሞት የተወው ሀብት በሲራ መጻሕፍት ተዘርዝሯል፦ አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በግና ፍየል፣ እንዲሁም በረካ። ያ ዘመን አንዲትን ሐበሻዊት ሴት የሚቆጥራት ከከብት ጋር ነበር። እስልምና ከየት አንስቶ ወዴት እንዳደረሳት ለመረዳት ይህን መነሻ መርሳት አይገባም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ዘመዶቻቸውን ሊያስጠይቋቸው ወደ የሥሪብ፣ ማለትም ዛሬ መዲና ወደምንላት ከተማ ይዘዋቸው ሄዱ። በረካም አብራ ነበረች። በመመለሻው ላይ አብዋ በተባለ ቦታ አሚና ታመው ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። በዚያ በረሃ የቀሩት አንዲት አገልጋይና አንድ የቲም ሕፃን ነበሩ። በረካ የእናቱን መቃብር ትቶ መሄድ የከበደውን ልጅ ይዛ፣ የቀናት መንገድ ተጉዛ መካ አያቱ እጅ አደረሰችው።

አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ የልጁን ነገር ቸል እንዳትል አደራ ብለዋታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ እርሳቸውም ሞቱ። ልጁ ከአያቱ ጀናዛ ኋላ እያለቀሰ ሲሄድ ማየቷን የነገረችን እርሷ ናት። በልጅነታቸውም ሆነ ካደጉ በኋላ ስለ ረሃብም ሆነ ስለ ጥም አቤቱታ ሲያሰሙ እንዳልሰማች፣ ጠዋት የዘምዘም ውኃ ጠጥተው የሚውሉበት ጊዜ እንደነበረ የተዘገበውም ከእርሷ ነው። ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅነት የምናውቀው ጥቂት ነገር ከፊሉ በዚህች ሐበሻዊት ዓይን የታየ፣ በእርሷም አንደበት የተላለፈ ነው። አነስ ኢብን ማሊክን የመሰሉ ሰሐቦች ከእርሷ ሐዲሥ አስተላልፈዋል።

ነፃነትና ትዳር

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧት። ከዚያም ከኸዝረጅ ጎሣ የሆነው ዑበይድ ኢብን ዘይድ አገባት፤ አይመን የተባለ ልጅ ወለደች። ኡሙ አይመን፣ የአይመን እናት፣ የተባለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ዑበይድ ከሞተ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጀነት ሰዎች የሆነችን ሴት ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን እንዲያገባ መናገራቸው በሲራ ተዘግቧል። ያገባት ዘይድ ኢብን ሓሪሳ ነው። ዘይድ ራሱ በባርነት ከተሸጠ በኋላ ነፃ የወጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደ ልጃቸው የሚወዱት ሰው ነበር። ሁለቱ ኡሳማን ወለዱ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታቸው በኋላ እናታቸው እርሷ እንደሆነች ይናገሩ ነበር። ሕይወቷን ሙሉ ይጠይቋት ነበር፤ ይቀልዱላትም ነበር። አንድ ጊዜ መጓጓዣ ብትጠይቃቸው በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጧት ነገሯት። የግመል ልጅ እንዴት ይችለኛል ብላ ብትጨነቅ፣ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሷት።

በሐዲሥ መጻሕፍት ደግሞ ለእኛ ለሐበሾች የሚጥም ሌላ ዘገባ አለ። ኡሙ አይመን አንድ ቀን ዱቄት ነፍታ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዳቦ ጋገረች። ምን እንደሆነ ሲጠይቋት በአገሯ የሚሠራ ምግብ መሆኑንና ለእርሳቸው ልትጋግርላቸው መውደዷን ነገረቻቸው። እርሳቸውም በመንፋት ያወጣችውን መልሳ እንድታቦካው አዘዟት፤ ዘመናቸውን ሙሉ ያልተነፋ ዱቄት የሚበሉ፣ ከቅንጦት የራቁ ነበሩ። ከአገሯ ርቃ ለዘመናት የኖረች ሴት የአገሯን የእጅ ሙያ አልረሳችም ነበር።

ዐረብኛ አንደበቷን ሙሉ ለሙሉ አልገራላትም ነበር። ሰላምታ ስታቀርብ ቃላቱ እየተዘበራረቁ ትርጉሙን ይገለብጡባት ነበር ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላፈሯባትም፣ ሰውም እንዲስቅባት አልፈቀዱም፤ ሰላም የምትለውን አንዲት ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። ቋንቋ ያልለመደን ሠራተኛ እንዴት መያዝ እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

የሂጅራው መንገድ

ሙስሊሞች ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ኡሙ አይመንም ተሰደደች። ኢብን ሰዕድ በዘገበው መሠረት መንገዱን የሄደችው ያለ ስንቅ፣ ጾመኛ ሆና ነው። የቆላን ሐሩር የሚያውቅ የይፋት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ረውሓእ በተባለው ስፍራ አቅራቢያ ሲመሽ ጥሙ ጸናባት። ያኔ በነጭ ገመድ የተንጠለጠለ የውኃ ባልዲ ከሰማይ ወረደላት፤ እስክትረካ ጠጣች። ከዚያ በኋላ በጋ ላይ በጠራራ ፀሐይ ብትጾም እንኳ ጥም አግኝቷት እንደማያውቅ ትናገር ነበር። ይህ አላህ ለባሮቹ ከሚሰጠው ከራማ የሚቆጠር ነው።

ኡሑድ ላይ የነበራት ሥራ

በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 625) በተደረገው የኡሑድ ዘመቻ ኡሙ አይመን በሜዳው ላይ ነበረች። ሥራዋ ለተዋጊዎች ውኃ ማጠጣትና ቁስለኞችን ማከም ነበር። በዚያ ቀን ዓኢሻና ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) የውኃ አቁማዳ ተሸክመው ይመላለሱ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ኡሙ አይመን ውኃ ስታጠጣ ሒባን የተባለ የጠላት ወታደር በቀስት መታት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያዩ ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ቀስት አቀበሉት፤ ሰዕድም ሒባንን መትቶ ጣለው።

ሠራዊቱ ሲበተንና አንዳንዶች ወደ መዲና ሲሸሹ ያገኘቻቸው እርሷ ነበረች። ፊታቸው ላይ አፈር እየበተነች፣ እንዝርቱን ወስደው እንዲፈትሉና ሰይፋቸውን ለእርሷ እንዲሰጧት ነገረቻቸው። ጥጥ ፈትለው በሚያለብሱ የአርጎባና የይፋት እናቶች ዘንድ ይህ ንግግር ትርጉም አያሻውም። ከጥቂት ሴቶች ጋርም ወደ ሜዳው ተመልሳ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ደኅንነት ለማረጋገጥ ሄደች። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸይበር ዘመቻም ተሳትፋለች።

በዚያ ዘመን ሕክምና የሚያውቁ ሴቶች ሥራቸው ቦታ ነበረው። ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ቆስሎ ሳለ የታከመው በነቢዩ መስጂድ በተተከለው የሩፈይዳ ድንኳን ነበር። ሹፋእ ቢንት ዐብዱላህ የምትባል ሰሐቢያ ደግሞ መጻፍ የምታውቅ ነበረች፤ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጽሕፈት ያስተማረችው እርሷ ናት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታላላቅ ሰሐቦች የሚጠይቋት ዓሊም ነበረች። ሴት መማሯም፣ የተማረችውን ለሕዝብ ማዋሏም ከመጀመሪያው ትውልድ ጀምሮ የነበረ ነው።

ያልለቀቀችው የተምር ዛፍ

ኡሙ አይመን ስለ ንብረቷ ያደረገችው ነገር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙሃጂሮች መዲና ሲደርሱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አንሷሮች ከተምር ዛፎቻቸው እንዲጠቀሙ ሰጧቸው። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይምም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተወሰኑ ዛፎች ሰጡ፤ እርሳቸውም ለኡሙ አይመን ሰጧት።

ኸይበር ከተከፈተች በኋላ ሙሃጂሮች ራሳቸውን ቻሉ፤ የተሰጣቸውንም ለአንሷሮች መለሱ። የአነስ ቤተሰቦችም ዛፎቻቸውን እንዲጠይቅ ላኩት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መለሱለት። ኡሙ አይመን ይህን ስትሰማ መጣች፤ ልብሱን አነስ አንገት ላይ አድርጋ፣ የተሰጣትን እንደማይወስዱባት በአላህ ማለች። የተሰጣት ለዘለቄታው መስሏት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምትኩ ይህን ያህል እንስጥሽ ሲሏት እምቢ አለች። ጨመሩላት፤ አሁንም እምቢ አለች። በመጨረሻ የዛፎቹን ዐሥር እጥፍ ወይም ለዚያ የቀረበ ሰጥተዋት ተስማማች።

ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ የምትከራከረው በውርስ ዝርዝር ውስጥ ከግመልና ከፍየል ጋር ተቆጥራ የነበረችው ሴት ናት። የምትከራከረው ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ነው። እርሳቸው አልተቆጧትም፣ አገልጋይ እንደነበረችም አላስታወሷትም። እስክትረካ ድረስ ሰጧት።

የሐዘን ዓመታትና የመጨረሻው ዘመን

8ኛው ዓመተ ሂጅራ ለኡሙ አይመን ከባድ ነበር። ዘይድ በሙእታ ዘመቻ የጦሩ መሪ ሆኖ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን፣ ሌሎች ሲያፈገፍጉ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎን ጸንቶ ሸሂድ ሆነ።

የቀራት ኡሳማ ነበር። ኡሳማ በመልኩ ጠቆር ያለ፣ አባቱ ዘይድ ነጣ ያለ ስለነበር አንዳንዶች በትውልዱ ላይ ሐሜት ያነሱ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ተኝተው እግራቸው ብቻ ሲታይ፣ ሙጀዚዝ የተባለ የዘር ምልክት አዋቂ አይቶ እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የወጡ ናቸው አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው በደስታ እያበራ ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ነገሯት። በ11ኛው ዓመት የሐበሻዊቷን ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ኡሳማን፣ ታላላቅ ሰሐቦች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ አድርገው ሾሙት። በወጣትነቱ ያጉረመረሙ ሲኖሩም ለሹመቱ የተገባ መሆኑን በሰው ፊት መሰከሩለት። ጦሩ ጁርፍ ሰፍሮ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሞት አፋፍ ላይ መሆናቸውን ለኡሳማ የላከችበት እናቱ ኡሙ አይመን ነበረች።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞት በኋላ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) እርሳቸው ይጠይቋት እንደነበረው ሊጠይቋት ሄዱ። አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ መሆኑን ሊያስታውሷት ቢሞክሩ፣ ይህን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ በመቋረጡ መሆኑን ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ይህ ሐዲሥ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። የኢስላም ኸሊፋ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይጠይቃታል፤ የሐዘኗም ጥልቀት ዕውቀቷን ያሳያል። እንደ ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ያረፈችው በዑሥማን (ረ.ዐ) ኸሊፋነት መጀመሪያ ላይ ነው። አላህ ይውደድላት።

ይህ ታሪክ ለይፋት ሴት ልጅ

ይፋት ለዕውቀት ሩቅ የተጓዘ ሕዝብ አገር ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሡልጣኖች መቀመጫ ነበረች። መቅሪዚን የመሰሉ የግብፅ ጸሐፊዎች ስለ ሡልጣኖቿ ጽፈዋል። ጀበርት የተባሉት የዚህ ምድር ልጆች በካይሮው አል-አዝሀር በስማቸው የሚጠራ ሪዋቅ፣ ማለትም የተማሪዎች ማደሪያና መማሪያ፣ ነበራቸው። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የትውልዱን ሐረግ የሚመዘው ከዚያው ነው።

የሄዱት ግን ወንዶች ልጆች ነበሩ። በአካባቢያችን የኖረው የቂርኣት ሥርዓትም ለወንዱ የተመቸ ነው። ደረሳው ኪታቡን አንግቶ ከሸህ ወደ ሸህ ይዞራል፣ በዛዊያው ያድራል፣ ሕዝቡ ያበላዋል። ሴቷ እንዲህ መዞር አትችልም፤ ስለዚህ በሠፈሯ የምትማርበት ቦታ ከሌለ ዕውቀቱ ያልፋታል። ዓለማዊው ትምህርትም ቢሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲርቅ፣ ውኃ ቅዳትና ማሾ ለቀማ ሲመጣ መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው እርሷ ናት። ከዚያ ደላላው ይመጣል። የመንገዱ አንዱ አቅጣጫ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱት መካከል ብዙ እህቶቻችን ነበሩበት።

ሕጉ ለሴት ልጅ መብት ዕውቅና ሰጥቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ፣ በደረጃ ዕድገትና በክፍያ ከወንድ እኩል መሆናቸውን፣ ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሲታወጅ፣ ለሥራ የምትሄድ ሴት 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና በሥልጠና የተገኘ የብቃት ማረጋገጫ ያላት እንድትሆን የጠየቀው፣ ባዶ እጅ መሄድ ያስከተለው ጉዳት ስለታየ ነው። አዋጁ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ሕግ ግን ከቤታችን ደጃፍ አልፎ ሊገባ የሚችለው እኛ ስንከፍትለት ነው።

መክፈት ማለት ምን እንደሆነ የኡሙ አይመን ሕይወት ያሳየናል። ልጃችን የቁስለኛ ማከም፣ የመንከባከብ ወይም ሌላ የእጅ ሙያ ካላት፣ ሙያው በወጉ ተምራ ምስክር ወረቀት የምትይዝበት እንጂ በልምድ ብቻ የምታገለግልበት አይሁን። መስጂዶቻችንና መድረሳዎቻችን ለሴቶች የተመደበ ሰዓትና ሴት ዑስታዛ ይኑራቸው። መሄድ የግድ ከሆነባት የውል ወረቀቷን አንብባ የምትረዳ፣ ዐረብኛን ቀድማ የለመደች ሆና ትሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ በየቤታችን ልንጠይቀው ይገባል። ለዓመታት ደክማ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት፣ የተገዛው መሬት፣ የተከፈተው ሱቅ በማን ስም ነው? በወንድሟ ወይም በአባቷ ስም ከሆነና ስትመለስ እንግዳ የምትሆንበት ከሆነ፣ የተምር ዛፎቿን ተቀምታለች ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሳዳጊያቸውን ሐበሻዊት ዐሥር እጥፍ እስኪሰጧት ድረስ አላስከፏትም። እኛ ቢያንስ የራሷን አንከልክላት።

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ ሴት ልጆቻችንን በጠቃሚ ዕውቀት ያስውብልን፤ በሩቅ አገር ያሉትን ይጠብቅልን፤ የደከሙበትን ሐላል ሪዝቅ በረካ ያድርግላቸው። ኣሚን።